ስለ ጨው፣ ስለ እንቅርትና ስለ ልብ



«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ምሳሌው የሚነገረው ሥራውን ለሚያስታጕል ሰው ቢሆንም፣ ዛሬ እኛ ቃሉን ለራሱ ለጨው ልንመልሰው አስበናል። የሚጣፍጥ ጨው ሁሉ የሚጠቅም ጨው አይደለምና። በጨው ውስጥ በዐይን የማይታይ፣ በምላስም የማይለይ እጅግ ጥቂት ነገር አለ፤ ያ ጥቂት ነገር ሲጐድል አንገት ያብጣል፣ የሕፃናት አእምሮ ይደክማል፣ ልብም ሥርዓቱን ያጣል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር የደረሰው በዚሁ በባሌ ደጋ፣ በሮቤ ከተማ፣ በገዛ ደጃችን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ተማሪያችን እናት የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ወደ ኀምሳ አምስት የሚጠጋ ወይዘሮ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አገኙንና፣ «መምህር፣ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታብኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ቡና ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ቀሚሴም ሁሉ ሰፋኝ። ምን ይሻለኛል?» ሲሉ ጠየቁን። ባለቤታቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። እኛም በነገሩ ብዙ ሳናስብ፣ «እናቴ፣ ይህ የኀዘን ነገር ነው፤ ይጽናኑ፣ እህል ይቅመሱ፣ ጊዜም ይሽረዋል» ብለን መለስናቸው። በነጠላቸው ጫፍ የሸፈኑትን፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንገታቸው ላይ የነበረውን እንቅርት አይተነዋል፤ ነገር ግን ዐይናችን ስለ ለመደው ከነገሩ ጋር አላያያዝነውም።

አራት ወር አለፈ። ወይዘሮዋ እግራቸው አበጠ፤ ጋደም ሲሉም ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ከእኛ የተሻለ ምክር የሰጧቸው የንስሐ አባታቸው ነበሩ፤ «ጠበሉን አትተዪ፤ ሐኪምም ዘንድ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ» ብለው አዘዟቸው። ሐኪሙ የልብ ምታቸውን ሲያዳምጥ ፈጣን ብቻ ሳይሆን ያለ ሥርዓት የሚዘል ሆኖ አገኘው። ደማቸው ተመረመረ፤ የበሽታው ሥር በልብ ሳይሆን በአንገት መሆኑ ታወቀ። ለብዙ ዓመታት የቈየው እንቅርት ያለ ልክ መሥራት ጀምሮ ልብን እንደ ተጫነ ፈረስ ሲጋልበው ኖሯል።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮዋን ለማስታመም ከብድሬ የመጡ አንዲት ዘመዳቸው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «መምህር፣ አንዱ ሐኪም ጨው የልብ ጠላት ነው ይለናል፤ ሌላው ደግሞ ያለ ጨው እንቅርት ይወጣል ይለናል። ታዲያ የትኛውን እንስማ?» ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ መሆኑን ስለ ተረዳን፣ ዛሬ መልሱን በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንሞክራለን።

በአንገታችን ፊት፣ ከማንቍርት በታች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፤ ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል። የዚች ዕጢ ሥራ ለሰውነት ሁሉ የሥራውን ፍጥነት መወሰን ነው። የአንጥረኛ ወናፍ እሳቱን እንደሚያነድ ወይም እንደሚያበርድ፣ እርሷም በምታመነጨው ንጥረ ነገር የሰውነትን ሙቀት፣ የምግብን መቃጠልና የልብን ምት ታፋጥናለች፣ ታዘገያለችም። ይህን ንጥረ ነገር የምትሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ካላገኘች ሥራዋን ልትፈጽም አትችልም።

የሚያስፈልገው መጠን ግን እጅግ ያስደንቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ 250 ማይክሮግራም ይበቃል። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድርሻ ቢደመር አንዲት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ነገር ግን ሰውነት አዮዲንን ለብዙ ዘመን ሊያከማች ስለማይችል፣ ያችን ማንኪያ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ማግኘት ግድ ነው።

አዮዲን በብዛት የሚገኘው በባሕር ነው። በደጋ አገር ግን ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለብዙ ሺህ ዘመን እያጠቡ አዮዲኑን ወደ ቆላና ወደ ባሕር ይወስዱታል። የባሌ ምድር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በሰነቴ አምባ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ስንዴውና ገብሱ ያማረ፣ ወተቱ የበዛ አገር ነው፤ ነገር ግን አፈሩ አዮዲን ካነሰው እህሉም፣ ወተቱም፣ ውሃውም ያንሰዋል። ዕጢዋ አዮዲን ሲጐድልባት፣ ዝናብ ያነሰበት ገበሬ የውሃ ጕድጓዱን እንደሚያሰፋ፣ ያለውን ጥቂት ሁሉ ለመያዝ ራሷን ታሰፋለች። እንቅርት የምንለው ይህ ነው።

ማዕድን የሚጐድለው ለሰው ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖሩ አርብቶ አደር ወገኖቻችን ጎዳንቱ በሚሉት ጥንታዊ ልማድ ከብቶቻቸውን ከቆላ ወደ ደጋ እየነዱ ሆራ ወደሚባሉት ማዕድን ያለባቸው ምንጮች ያደርሳሉ። ላሚቱ ሆራውን ስትጠጣ ሥጋዋ ይፋፋል፣ ወተቷም ይበረክታል ይላሉ። እንግዲህ ለላም ሆራ ፍለጋ የቀናት መንገድ የሚሄድ ሕዝብ፣ ለልጁ የሚሆነውን ማዕድን ለመፈለግ እስከ ገበያ መሄድ አያቅተውም።

አዮዲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ዓመተ ምሕረት ነው። በርናር ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ የሚሆን ጨዋማ ንጥረ ነገር ከባሕር ሣር አመድ ሲያዘጋጅ፣ ሐምራዊ እንፋሎት ሲነሣ አየ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንስዋ ኯንዴ አዮዲን እንቅርት ላለባቸው ሰዎች ሰጠ፤ የብዙዎቹም እንቅርት ጐደለ። ነገር ግን ከታከሙት አንዳንዶቹ ልባቸው ይመታ፣ ሰውነታቸው ይከሳ፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። መድኃኒቱ ያለ መጠን ሲሰጥ ልብን እንደሚያውክ ከመጀመሪያው ታይቶ ነበር ማለት ነው። እንደ እኛው ተራራማ የሆነችውና በእንቅርት የተጠቃችው ስዊዘርላንድ ከዚህ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ አዮዲንን በመድኃኒት ብልቃጥ ሳይሆን በጨው ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ለሕዝቧ መስጠት ጀመረች። በዚያ አገር ዛሬ እንቅርት የሽማግሌዎች ትዝታ ሆኗል። አሜሪካኖችም በ1924 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ተከተሉ።

በአገራችንስ? ቀድሞ ከምጽዋና ከአሰብ የሚመጣ አዮዲን ያለበት ጨው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ አገሪቱም ፊቷን በአፋር ወደሚገኘው ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞረች። የአፍዴራ ጨው ንጹሕና ብዙ ቢሆንም፣ አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር። ያ ዘመን ያስከተለው ጉዳት በልጆች አንገት ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶው በ15 ያህል ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ደነገገ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ጥናትም ከመቶው በ89 ቤቶች አዮዲን ያለበት ጨው አገኘ።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በጨው ውስጥ አዮዲን ተገኘ ማለት የሚበቃው መጠን ተገኘ ማለት አይደለም። በፀሐይ የተሰጣ፣ በዝናብ የራሰ፣ በተከፈተ ማዳበሪያ ለወራት የቈየ ጨው አዮዲኑን በየጊዜው ያጣል። አንዲት ትጉህ ባለቤት ደግሞ ጨውን ከአሸዋ ለማጥራት ስትል በውሃ አጥባ ታሰጣለች፤ ጨዉ ይነጻል፣ አዮዲኑ ግን ከእጣቢው ጋር ወደ ደጅ ይፈስሳል። ከላይ የጠቀስናቸው ወይዘሮም ይህንኑ ያደርጉ እንደ ነበር በኋላ ነግረውናል። በእናታቸው ቤት የተማሩት የንጽሕና ሙያ ነበርና፣ ማን ይነቅፋቸዋል?

አሁን ወደ ልብ እንመለስ። የታይሮይድ ንጥረ ነገር ሲያንስ ልብ ይዘገያል፤ በሽተኛው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይከብደዋል፣ ይደክመዋል። በደሙ ውስጥ ያለው ስብ ይጨምራል፤ የደም ሥሮቹ ይደነድናሉ፤ የደሙም ግፊት ከፍ ሊል ይችላል። ሕመሙ ከጸና በልብ ዙሪያ ውሃ እስከ መቋጠር ይደርሳል። ንጥረ ነገሩ ሲበዛ ደግሞ ልብ ዕረፍት ያጣል። ሌሊትና ቀን እየጋለበ ቈይቶ ሥርዓቱን ይስታል፤ ምቱ ሲዛባም በልብ ክፍል ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሰውነትን ሽባ ያደርጋል። እንዲህ የጋለበ ልብ በመጨረሻ ይደክማል፤ እግር ማበጥና የትንፋሽ ማጠር የዚህ ምልክቶች ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ «አዮዲን የጐደለው ሰው የንጥረ ነገር መብዛት እንዴት ያገኘዋል?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እንቅርት ለብዙ ዓመታት ሲቈይ ዕብጠቱ በየስፍራው ይቋጠራል። ከቋጠሮዎቹም አንዳንዶቹ የሰውነትን ትእዛዝ መስማት ትተው በራሳቸው ፈቃድ መሥራት ይጀምራሉ። አዮዲን እስከ ጐደለ ድረስ ዐመላቸው ተሸፍኖ ይኖራል፤ አዮዲን በድንገትና በብዛት ሲመጣ ግን ያለ ልክ ያመርታሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ አዮዲን ያለበት ጨው በገባ ጊዜ፣ በዚህ ዓይነት የሚታመሙ ሰዎች ቍጥር ከፍ ብሎ ታይቷል፤ በልባቸው ምክንያት የሞቱም ነበሩ። በጣም የሚያሠጋው እንቅርት ያደረባቸውን በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነው።

ከዚህ የተነሣ አዮዲን ያለበትን ጨው መፍራት ይገባልን? አይገባም። አዮዲን ሲጐድል ጕዳቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናትን በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ያገኛቸዋል፤ አእምሮአቸውን ያደክማል፣ አንዳንዱንም ደንቆሮና ድዳ አድርጎ ያስቀራል። ዛሬ በልኩ አዮዲን ያገኘች ልጅ ደግሞ በኀምሳ ዓመቷ ያ የተቋጠረ እንቅርት አይኖርባትም። ስለዚህ የልጅ ልጆቻችንን ልብ የምንጠብቀው በዛሬው ጨው ነው። በዕድሜ ለገፉት ግን ዐይናችንን ከፍተን ምልክቱን መጠባበቅ ይገባናል፤ እኛ ያጐደልነው ይህንኑ ነበር።

ከብድሬ ለመጡት እናት የሰጠነውም መልስ ከዚህ የወጣ ነው። ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን ያነሣል፤ የደም ግፊት ደግሞ የልብና የአንጎል ጠላት ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል። እንግዲህ እንደ ተማሪ ሒሳቡን እናስላው። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ በ5 ግራም ውስጥ 150 ማይክሮግራም ይገኛል፤ ይህም የአዋቂ ሰው የቀን ድርሻ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሐኪሞች አልተጣሉም። አንዱ «ጨው አታብዙ» አለ፤ ሌላው «የምትበሉት ጨው አዮዲን ይኑረው» አለ። ሁለቱንም መስማት ይቻላል።

እንዲህ በጥቂቱ የሚፈለግ ማዕድን አዮዲን ብቻ አይደለም። ሴሌኒየም የሚባል ሌላ ማዕድን አለ። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ኬሻን በምትባል አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1935 የልብ ጡንቻን የሚያደክም ደዌ ተነሣ፤ ከሕፃናትና ከሴቶችም ብዙዎችን ፈጀ። በኋላ ሲመረመር የአካባቢው አፈር ሴሌኒየም የጐደለው መሆኑ ታወቀ፤ ማዕድኑ ለሕፃናቱ ሲሰጥም በሽታው እጅግ ቀነሰ። በእኛም አገር ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ የተሰበሰበ እህል ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከስፍራ ወደ ስፍራ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። ከአንድ እርሻ ብቻ የሚበላ ቤተ ሰብ የዚያን እርሻ ጕድለት ይወርሳል። ገብሱን ከባቄላ፣ ስንዴውን ከምስር፣ የደጋውን ከቆላው ማደባለቅ ጥበብ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ደግሞም ጥቂቱም ቢሆን የማይጠቅም ማዕድን አለ፤ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የልብ ማኅበር እነዚህ ሦስቱ ከልብና ከደም ሥር በሽታ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን በይፋ አስታውቋል። ያረጀ የመኪና ባትሪ በግቢ ውስጥ መፈታትና መቅለጥ፣ ሕፃናትም በዚያ አፈር ላይ መጫወት አይገባቸውም።

እንግዲህ ለባለቤቲቱና ለአባወራው ምክራችን ይህ ነው።

አንደኛ፤ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን፣ የታሸገውን ምረጡ። የከብት ጨው ለከብት ይሁን።

ሁለተኛ፤ ጨውን አትጠቡ፤ በፀሐይም አታስጡ። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አድርጋችሁ ከምድጃው ራቅ ካለ ስፍራ አኑሩት።

ሦስተኛ፤ ጨውን ወጡ ሊወጣ ሲል ወይም ከወጣ በኋላ ጨምሩ፤ ከቍሌቱ ጋር ብዙ ሲንተከተክ ከአዮዲኑ ይባክናልና።

አራተኛ፤ በጾም ወራት አዮዲን የሚገኝባቸው ወተትና እንቍላል ከማዕድ ስለሚርቁ፣ የጨዉን ነገር በዚያን ጊዜ ይልቁን ጠብቁ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ያለችበት ቤት ይህን አይዘንጋ።

አምስተኛ፤ እንቅርት ያለበት ሰው የልብ ምት ቢበዛበት፣ ያለ ምክንያት ቢከሳ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ሙቀት ቢያስቸግረው፣ እንቅልፍም ቢያጣ፣ ነገ ሳይል ወደ ሐኪም ይሂድ። የቍስል አዮዲን ማንም በገዛ ፈቃዱ አይጠጣ፤ እንቅርትንም በመንደር ባለመድኃኒት ማስበጣትና ማስተኰስ ይቅር። ደም ያፈስሳል፣ ቍስሉም ያመረቅዛል፤ እንቅርቱ ግን አይጠፋም።

ስድስተኛ፤ መምህራን ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ትምህርት የሚዘገይባትን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት አንገቷን ተመልከቱ። እኛ በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመናችን ስንቷን ልጅ በስንፍና ወቅሰን ይሆን? ይህን ስናስብ እናዝናለን።

ስለ ወይዘሮዋ መጨረሻ ሳንናገር ብንቀር አንባቢ ቅር ይለዋል። በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በሐኪሙም ትጋት፣ የዕጢውን ሥራ የሚያበርድ ኪኒን ይወስዳሉ፤ የልባቸው ምት ረግቷል፣ የእግራቸው ዕብጠትም ጐድሏል። ነገር ግን ልባቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ቅዳሴውን ቆመው ማስቀደስ አይችሉም፤ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ይከታተላሉ። ያለፉትን አራት ወራት ማንም አይመልስላቸውም። ባገኙን ቍጥር ግን አንድም የወቀሳ ቃል ሳይናገሩ፣ «መምህር፣ ልጆቹን ስለ ጨዉ ነገርካቸው?» ብለው ይጠይቁናል።

እነሆ፣ በትምህርት ቤት ነግረናቸዋል፤ ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ነገርን። ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ የጨዉን ዕቃ ከፍቶ ይመልከት፤ ያላነበበ ጎረቤት ካለውም ይንገረው።

ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያድርሰን። ይቆየን።